አለሁ ባዩ ቦርድ

«ባለ አንድ ቦርድ ነው» አለ ጋሽ ናሆም፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን እንደ ሰባኪ ዘርግቶ።

«ባለ አንድ?» አልኩት። «ቦርድ እኮ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። አንድ ሰው ብቻውን ከማን ጋር ይሰበሰባል?»

«ሰው አይደለም፣ ኤልዳና።»

«ሰው እንዳልሆነማ አውቃለሁ። የመጨረሻው ቦርዳችንስ ሰው ነበር? የጋራ በራችንን ነቅሎ ወስዶ ‹ለጥገና ነው› ብሎ የቀረ!»

«ኮምፒዩተር ነው የምልሽ! ሁሉ ነገሩ አንዲት ቦርድ ላይ የተሠራ። የህንፃውን ስልኮች የሚያስተዳድር፣ ሲታመሙ የሚመረምር።»

«ይሁን፤ ምርጫው ታዲያ መቼ ተካሄደ?»

ጋሽ ናሆም ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ሲናደድ አይጮህም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እኛ እስክናልፍ ይጠብቃል።

አትፍረዱብኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ «ቦርድ ተቋቋመ» ሲባል ደግሞ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ነው የሚደነግጠው። በዚያው ሳምንት ግማሹ ህንፃ ስለ ቆሻሻ ማስወገጃው፣ ግማሹ ስለ ላይኛው ፎቅ ልጆች ሩጫ አቤቱታ ይዞ «ቦርዱን የት እናገኘዋለን?» እያለ የጋሽ ናሆምን በር ሲደበድብ ከረመ።

የምንኖረው ማዶ ሳይት፣ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሊፍቱ ዛሬም እንደ ዱሮው አይሠራም፤ ልዩነቱ አሁን የማይሠራበትን ምክንያት በሚጥም የሴት ድምፅ ያስረዳል። ውሃ በፈረቃ ነው። ስልክ ግን ፈረቃ የለውም። ገና ዓይናችንን ስንገልጥ «አሉ?» ይለናል፤ ፊታችንን አሳይተን «አለሁ» እንላለን፤ በሩ ይከፈታል። ዳቦ ቤት ስንደርስ «አሉ?»፣ «አለሁ»። ታክሲ ስንጠብቅ «አሉ?»፣ «አለሁ»። ቀብር ላይ አፈር ሲመለስ እንኳ ከየሰዉ ኪስ «አሉ? አሉ? አሉ?» የሚል ይሰማል፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚወጣው ሬሳው ብቻ ነው። ዱሮ ሰው ከሰው ሲገናኝ «አለህ?» «አለሁ፣ ምን እላለሁ» ይባባል ነበር አሉ። አሁን እሱን ሁሉ ለስልክ ብለን ስለምንጨርሰው ለጎረቤት የሚተርፈን የለም።

ሳምንት ሙሉ ያልመለሰ ሰው፣ የነዋሪዎች መስኮት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። «የለም» ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ሞት ማስረጃ ይጠይቃል፤ «የለም» አይጠይቅም። የለም የተባለ ሰው በሩ አይከፈትለትም፣ ታክሲ አይቆምለትም፣ ቤቱም ለዕጣ ይወጣል። የቤት ዕጣ ጠባቂ ደግሞ በዚህ ከተማ መዓት ነው፤ ተራውን ከአያቱ የወረሰ አለ። አንድ ሰው «የለም» በተባለ ቁጥር የሆነ ሰፈር ውስጥ እልል የሚል ቤተሰብ አይጠፋም።

ችግሩ ስልኮቹ ናቸው። ማሻሻያ የሚሉት ነገር በመጣ ቁጥር ይደነዝዛሉ። «በተሳካ ሁኔታ ተሻሽያለሁ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። በአንድ ማሻሻያ ከእኛ ህንፃ ብቻ አንድ ሙሉ ወለል ሰው «የለም» ሊባል ለጥቂት ነው የተረፈው። ጋሽ ናሆም ያንን ጊዜ ነው «መላ አለኝ» ብሎ የተነሳው።

ጋሽ ናሆም ጡረታ ሳይወጣ «ሲስተም ላይ ነው የምሠራው» ይል ነበር። የትኛው ሲስተም እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም፤ በየቢሮው «ሲስተም የለም» ስንባል ግን የሱ ይሆናል ብለን እንጠረጥር ነበር። ሰው ክፉ አይደለም። ማስረዳት ነው የማይችለው። «ስልኮቻችሁን ዲባግ አደርጋለሁ» አለ። ዲባግ ምንድነው አልነው። «ትኋን ማውጣት እንደ ማለት ነው» አለን። በማግስቱ ሦስት ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ወረደ።

ቦርዱ የተተከለው ኮሚናል ውስጥ ነው። ኮሚናል ማለት ጎን ላይ ያለችው የጋራ ቤት ናት፤ ዱሮ የዓውደ ዓመት በግ የሚታረድባትና ልብስ የሚታጠብባት፣ አሁን ሁለቱም የቀሩባት። ሥጋ የሚሰቀልባቸው ሜንጦዎች ግን ከጣሪያው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው። ቦርዱን ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ አፈርኩለት። የመጫወቻ ካርታ ታህላለች። ጋሽ ናሆም አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ በጎኗ ሰካባት፤ «ይቺ አእምሮው ናት» አለ። ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አመጣ፤ ከያንዳንዱ ቀዳዳ ገመድ ወጣ። ኮረንቲ ሲሰጣት አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች።

«ምን ሆና ነው?» አልኩት።

«ርቧታል። ይኼ ቻርጀር አይበቃትም።»

ሌላ ቻርጀር አመጣ። ቀይዋ ጠፍታ አረንጓዴ በራች። አቧራ እንዳይገባባት አሮጌ ምሳ ዕቃ በስቶ ውስጡ አስቀመጣት፤ እንዳትግል ደግሞ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ከላይ ገጠመላት። እንግዲህ ቦርዳችን በምሳ ዕቃ ውስጥ ተሰየመ።

ቀጥሎ የእኛ ተራ ነው። ተሰለፍን። ስልኩ ውስጥ ገብተን፣ የመጨረሻውን ገጽ ከፍተን፣ የስሪት ቁጥር የሚለውን ሰባት ጊዜ መምታት ነበረብን። ለምን ሰባት እንደሆነ ጋሽ ናሆምም አያውቅም። «እንደ ጸበል ውሰዱት» አለ። ሰባተኛው ላይ ስልኩ «አሁን እርስዎ ገንቢ ነዎት!» ይላል። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አዛውንቱ ጋሽ ኪሩቤል ይህን ሲያነቡ ቆብ አወለቁ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በየስብሰባው አፍራሽ ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ገንቢ ሆንኩ። ልጆቼ ይስሙልኝ።»

ከዚያ ገመዱ ሲሰካ ስልኩ ይጠይቃል፦ «ይህን ኮምፒዩተር ያምኑታል?» ከታች አነስ ብሎ «ሁልጊዜ» የሚል አለ።

«ሳላውቀው ሁልጊዜ አምነዋለሁ ልበል?» አልኩት ጋሽ ናሆምን።

«ባልሽን አውቀሽው ነው ያመንሽው?»

ተጫንኩት።

ጋሽ ናሆም በግድግዳው ላይ በሰቀላት አነስተኛ ስክሪን የሁላችንም ስም ተደረደረ፤ ከየስሙ ፊት «ተገናኝቷል» የሚል። የደነዘዘውን ቦርዱ ቀስቅሶ ያስነሳዋል፣ የተጨናነቀውን ያራግፍለታል። ይህ ለአንድ ወር ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ፣ መቼስ ሰው ያገኘው አይበቃውም፣ እኔው ነኝ ያነሳሁት፦ «ሲነካካቸው ከዋለ አይቀር፣ ‹አለሁ› የሚለውንስ ለምን እሱ አይልልንም?»

«ሕገ ወጥ ነው» አለ ጋሽ ናሆም ኮስተር ብሎ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሠራው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከየትም ይምጣ፣ «አሉ?» የሚል ጥያቄ ቦርዱ ጋ ከደረሰ «አለሁ» ይመልሳል። ሌላ ነገር አያውቅም። ፊታችንን አንድ ጊዜ አንስቶት ነበር፤ እሱን እያወጣ ያሳያል። ስልኮቹን ሜንጦው ላይ በየገመዳቸው ሰቀልናቸው፤ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ሲያወዛውዛቸው ይውላል፤ መስኮቱ ስንራመድ የዋልን ይመስለዋል። በሩም ታክሲውም የሚያዩት የመስኮቱን ሰሌዳ እንጂ ኪሳችንን ስላልሆነ ባዶ እጃችንን መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ሰዉ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ማታ ማታ «ስልኬን ልጠይቃት» እያለ ወደ ኮሚናል ወርዶ፣ እንደ ሆስፒታል ጠያቂ ትንሽ ቆሞ ይመለሳል። የእኔዋ አንድ ቀን ከመስኮቱ «የእግር ጉዞዎ የሚያስመሰግን ነው» የሚል መልእክት ደርሷት ቆየችኝ። ጉልበቴን እያሸሁ አነበብኩት። መጥፎ ጎኑ፣ ቀና ብለን ስንሄድ ጎረቤቶቻችንን አየናቸው፤ ጭቅጭቅም በዚያው ተጀመረ።

ከህንፃው ስልካቸውን አላመጣም ያሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እማማ ሶልያና። አራተኛ ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት። በእናቴ ዘመን ሶልያና የሕፃን ስም ነበር፤ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ሦስት አራት ሶልያና ነበር ይባላል። ዛሬ ሶልያና የሚባል ሁሉ ምርኩዝ ይዟል።

«እኔ ራሴ እያለሁ ሌላ አካል አለሁ እንዲልልኝ ምን በወጣኝ?» አሉኝ።

እማማ ሶልያና ስልኩ ሲጠራቸው ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ አይመልሱም። «አሉ?» ሲላቸው «አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» ይሉታል። ስልኩ መልሶላቸው አያውቅም። እሳቸውም ተቀይመውት አያውቁም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ምንጣፋቸውን በረንዳ ላይ ሲያራግፉ፣ ስልካቸው ለካ ተጠቅልሎ ውስጡ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ወረደ። ስክሪኑ መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር ሆነ፣ ከዚያ ጨለመ። ድምፁ ግን ደህና ነው። «አሉ?» ይላል ከጨለማው ውስጥ። «አለሁ!» ይላሉ እማማ ሶልያና። «አሉ?» ይላል። «አለሁ እኮ አልኩህ!» ፊታቸውን የሚያይበት ዓይኑ ተሰብሯል፣ የሚነኩት ገጽ የለውም። ሳምንት ሙሉ እሱ ሲጠይቅ እሳቸው ሲመልሱ በበሩ በኩል ሰማኋቸው። በሳምንቱ መጨረሻ መልስ ያልሰጡት እሳቸው ናቸው ተባለ።

በሳምንቱ መካከል ይዤላቸው ኮሚናል ወርጄ ነበር። ጋሽ ናሆም ገመድ ሰካበት። ስክሪኗ ላይ የሁላችንም «ተገናኝቷል» ሲል የሳቸው «ያልተፈቀደ» አለ።

«ፍቀድለታ» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም የምፈቅደው። ስልኩ ‹ይህን ኮምፒዩተር ያምኑታል?› ብሎ ጠይቋል፤ እሳቸው ስክሪኑ ላይ መጫን አለባቸው።»

«ስክሪኑ የለማ!»

«እሱን ነው የምልሽ።»

«ስክሪን ቀይርለት።»

«ቀየርኩ። አዲሱን ስክሪን እንዲቀበለው ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ፈቃዱን የት ላይ ነው የሚጠይቀው?»

ጋሽ ናሆም ዓይኑን ጨፈነ።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ዲባግህ ምን ሊረባ?» አልኩት።

«ትኋን የሚለቀመው ፍራሹ ሲገለጥ ነው፣ ኤልዳና። ቀድመው ቢያመጡት ኖሮ ቦርዱ ያውቀው ነበር። አሁን ለሱ እንግዳ ነው።»

ለአዲስ ስልክ የነዋሪዎች መስኮት ሄድን። መስኮት ሲባል መስኮት አለው ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በትሕትና አስተናገደን። «አዲስ ስልክ ለማግኘት በነባር ስልክዎ ‹አለሁ› ይበሉ» አለ። ነባሩ ተሰብሯል አልነው። «ስለተሰበረው ስልክ ለማሳወቅ በተሰበረው ስልክ ‹አለሁ› ይበሉ» አለ። እኔ ልመስክርላቸው፣ ይኸው አጠገቤ ቆመዋል አልኩ። «የሰው ምስክርነት ለጊዜው ተቀባይነት የለውም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ይህ «ለጊዜው» የሚሉት ከተጀመረ እንግዲህ እኔ ሳላገባ በፊት ነው።

በማግስቱ ድንኳኑ መጣ።

የዕድራችን አሠራር ከመስኮቱ ጋር ተገናኝቷል፤ «የለም» ከተባለ ወዲያው የዕቃ ጋሪዋ ራሷን ነድታ ትመጣለች። ጥሩ አሠራር ነው፤ ሟቹ እስኪሞት እንኳ አይጠበቅም። እማማ ሶልያና ከታች ከጎመን ሻጯ ጋር ሲከራከሩ ቆይተው ሲመለሱ ድንኳኑ በራፍ ላይ ተጥሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ቀርቧል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። የተቀመጠው ሁሉ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው የሞተው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እማማ...»

«ኪሩቤል ነው? እኔ ከድሮም ያ ሳሉ አላማረኝም።»

«እዚህ ነኝ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል ከኋላ።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ምን ሆኜ?»

«ስልክዎ ስላልመለሰ።»

«እኔን ነፍስ ይማረኝ» አሉና ከንፍሮው ዘገኑ። ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ለእኔ የተጣለው ድንኳን ይኼ ነው? የተጣፈው? ለኪሩቤል ሚስት ነጩን ጥላችሁ አልነበር?»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ግን ከመስኮቱ የህንፃችን ግድግዳ ላይ ጽሑፍ በራ፦ አራተኛ ፎቅ፣ ባዶ ቤት፣ ቅዳሜ ዕጣ ይወጣበታል። እማማ ሶልያና መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወዲያ አልቀለዱም።

«እናቴ ይኼን ቤት በዕጣ ነው ያገኘችው» አሉኝ፣ ደረጃውን በምርኩዝ እየወጣን። «የወጣላት ቀን በባዶ ግድግዳ ላይ ግንባሯን ደግፋ አለቀሰች። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ መስተዋት የለው። እዚያው አንድ ጆንያ አንጥፈን አደርን።» ፎቁ ላይ ስንደርስ በራቸው አልከፈት አላቸው። ጋሽ ናሆም በቢላ ፈልቅቆ ከፈተው፤ እንዳይዘጋ በድንጋይ ደገፍነው። «ዕጣ የሰጠኝን፣ ዕጣ ይወስደዋል እንዴ?» አሉ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አረጋጋጩ መጣ። አረጋጋጭ ማለት ከዕጣው በፊት ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያጣራ ነው። ኖላዊ እባላለሁ አለ፤ በሠላሳዎቹ ያለ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ አንድ እጁ ታብሌት አንድ እጁ ስልክ። ለካ አረጋጋጮች ከእኛ ይብስባቸዋል፤ ስልኩ ዓረፍተ ነገር አያስጨርሰውም።

«ቤቱ ባዶ መሆኑን» «አሉ?» «አለሁ፣ ላረጋግጥ ነው የመጣሁት።»

«ግባ፣ ልጄ» አሉት እማማ ሶልያና።

ኖላዊ ታብሌቱን አየ፣ እማማ ሶልያናን አየ፣ መልሶ ታብሌቱን አየ። ከሁለቱ ታብሌቱን አመነ። «ባዶ ነው» ብሎ መዘገበ።

«ውሃ ልስጥህ? ላብ አጥምቆሃል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ።» ብርጭቆውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣና በሁለት እጁ መለሰ። «እባክዎ ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ። ባዶውን ቤት ፎቶ ላነሳ ነው።»

«አንተ ልጅ!» አልኩት እኔ፣ ከኋላው ከጋሽ ናሆም ጋር ቆሜ። «ውሃውን ማን ሰጠህ?»

«እትዬ፣ እኔማ አያቸዋለሁ። መስኮቱ ነው የማያያቸው።»

«ንገረዋ!»

«እኔ ሰው ነኝ» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። «የሰው ቃል አይቀበልም።» «አሉ?» «አለሁ።» ታብሌቱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገው። «አንዲት ጥያቄ ትቀረኛለች፤ ለደንቡ ያህል ነው። ህንፃው ቦርድ አለው? ቦርድ ያለው ህንፃ ስለ ነዋሪው ቃል መስጠት ይችላል ይላል ደንቡ። ዱሮ የተጻፈ ነው። እኔ በሥራዬ ቦርድ ያለው ህንፃ ገጥሞኝ አያውቅም።»

«አለን እንጂ!» አልኩ።

እውነቴን ነው ያልኩት። ጋሽ ናሆምን ወዲያው ሳል ያዘው።

«አላችሁ?» ኖላዊ ተገረመ። «ስንት አባላት አሉት?»

«ባለ አንድ ነው።»

«ሌሎቹ ለቀቁ?»

«ሲጀመርም አንድ ነው።»

«በመደበኛነት ይሰየማል?»

«ከተሰየመ ጀምሮ ተነሥቶ አያውቅም።»

የኖላዊ ቅንድብ ተነሣ። «ውሳኔ የሚያሳልፈው በድምፅ ብልጫ ነው?»

«ድምፅ የለውም። ሲሞቀው ትንሽ እፍ እፍ ይላል እንጂ።»

«ዕድሜያቸው ገፍቷል ማለት ነው» አለ በአክብሮት። «ከነዋሪው ላይ ያላግባብ የወሰዱት ንብረት ይኖራል? ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

«አንድ ምሳ ዕቃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እሱንም አልበላበትም።»

ኖላዊ እንዲህ ያለ ቦርድ በሕይወቱ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል። የጋሽ ናሆም ሳል ወደ ማልቀስ ደረሰ። እማማ ሶልያና ደግሞ ምንም አልገባቸውም፤ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ «ውሃ ልስጥህ?» ይሉታል።

ኖላዊ ታብሌቱ ላይ «ቦርድ» ብሎ ፈለገ። አገኘ። ማግኘቱ አይገርምም፤ ጋሽ ናሆም ያቺን ምሳ ዕቃ ከመረቡ ጋር ሲያገናኛት ስም አውጣላት ሲባል፣ ስም ለማውጣት ሰንፎ «ቦርድ» ነው ያላት። «ቦርድ፣ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ» አነበበ ኖላዊ። «ንቁ። አንድም ጥያቄ ሳይመልስ ያለፈበት ጊዜ የለም።» ቀና ብሎ አየን። «ምን ዓይነት ሰው ቢሆኑ ነው?»

«ጥያቄውን ላክላቸው» አልኩት። አንቱ ማለት እኔንም ተጋባብኝ።

ላከ። ጥያቄው ታብሌቱ ላይ ደመቅ ብሎ ታየ፣ አራታችንም አጎንብሰን አነበብነው፦

«ወይዘሮ ሶልያና አሉ?»

ያ ቦርድ እማማ ሶልያናን አያውቃቸውም፤ ስልካቸው ለሱ «ያልተፈቀደ» ነው። ጋሽ ናሆም ሳሉን አቆመ። እማማ ሶልያና ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ምን እንደሚጠበቅ ባይገባቸውም ቤታቸው እዚያች ታብሌት ውስጥ እንዳለ ገብቷቸዋል። ከታች ከኮሚናል፣ የማራገቢያው ድምፅ በመስኮት ይመጣል።

መልሱ መጣ።

«አለሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩ የአንቱታ ነገር ነው። አንድን ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ስንጠይቃቸው «አሉ?» እንላለን፤ ከኋላቸው ስለ እሳቸው ስንጠይቅም «አሉ?» እንላለን። ያው ነው፤ ቋንቋችን ሲያከብር አይቆጥብም። መስኮቱ ስለ እማማ ሶልያና ጠየቀ። ቦርዱ ደግሞ «አሉ?» ሲባል የሚያውቀው አንድ መልስ ነው። ስለዚህ ያ መስኮት የተባለው ግድግዳ ጥያቄውንና መልሱን አንድ ላይ አድርጎ አነበባቸው፤ «አለሁ» ያሉት ራሳቸው ወይዘሮ ሶልያና መሰሉት።

ኖላዊ ታብሌቱ ላይ የወጣውን ቀስ ብሎ አነበበው። «የብሎክ አሥራ ዘጠኝ ቦርድ ወይዘሮ ሶልያና መሆናቸው ተረጋግጧል። የቦርድ መኖሪያ ለዕጣ አይወጣም። ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ሶልያና።»

ድንጋዩን የተደገፈው በር ጠቅ ብሎ ቁልፉን ከፈተ።

ኖላዊ ቀና አለ። እማማ ሶልያናን አየና፣ እማምላክን፣ ገና አሁን የገቡ ይመስል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። «እማማ! እርስዎ አሉ እንዴ?»

«ውሃ ሳጠጣህም ነበርኩ» አሉት።

ከዚያ ቦርዱን ላመስግን አለ። ቦርዱ እማማ ሶልያና ከሆኑ ማንን ነው የሚያመሰግነው ብለን ልናስቀረው ሞከርን፤ ነገር ግን አረጋጋጭ ነው፣ ማረጋገጥ ልማዱ ነው። ጋሽ ናሆም እያቅማማ መርቶ ወደ ኮሚናል አወረደው። እኔና እማማ ሶልያና ቀስ እያልን ተከተልን፤ ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበርና እማማ ሶልያና የተለመደ ጥጋቸው ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ የኮሚናሉ ውስጥ ይታያል።

ኖላዊ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የህንፃው ስልክ በሙሉ ሜንጦው ላይ ተሰቅሎ፣ ማራገቢያው እያወዛወዘው፣ በሰልፍ ይራመዳል። ከመካከላቸው ምሳ ዕቃዋ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ እፍ እፍ ትላለች። «አሉ?» ይላል አንዱ። «አለሁ» ትላለች። «አሉ?» ይላል ሌላው። «አለሁ።» ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው የለም፣ ሁሉም አለ።

ጋሽ ናሆም ዓይኑን ጨፈነ። ይኸኔ ኖላዊ ታብሌቱን ቢያነሳ፣ አንድ ፎቶ ቢልክ፣ የእማማ ሶልያና ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ቤት ቅዳሜ ዕጣ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ንፍሮውን ማኘክ አቆመ።

በኖላዊ እጅ ያለው ስልክ «አሉ?» አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልመለሰለትም። «አሉ?» ደገመው። ስልኩን አየው፤ ከዚያ ጥግ ላይ ባዶውን የሚወዛወዝ አንድ ሜንጦ አየ፤ ከዚያ በዛለ ድምፅ «አለሁ» አለ። ታብሌቱን በብብቱ ስር ሸጎጠ።

ወደ ድንኳኑ መጥቶ እማማ ሶልያና ፊት ጎንበስ አለ። ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ» አለ። «እንደው... ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ሜንጦ፣ ሰው ይዟታል?»

እማማ ሶልያና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከንፍሮው ዘገን አድርገው አንድ አንድ እያሉ ሲያኝኩ ጠበቃቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻቹ።

«ማመልከቻህን አስገባና ነገ ተመለስ፣ ልጄ» አሉት። «ቦርዱ አሁን ስብሰባ ላይ ናቸው።»